የጋሼን ባቡር ሶኬት ላይ ከመሰካትሽ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው፦ «ጅማ ነው የምኖረው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ይዞ መጥቶ ነበር። በር በሚያህል ሰሌዳ ላይ ሐዲዱን፣ ቤቶቹንና ዛፎቹን ራሱ ተክሎ ልጆች ሆነን ያጫውተን ነበር። ከታመመ ወዲህ ዕቃ ቤት ተጥሎ ስንት ክረምት አለፈበት። ሐዲዱ ዝጓል፣ ሽቦውን አይጥ በልቶታል፣ አንዱ ጥግ አብጧል። ትራንስፎርመሩን ሰክቼ ልሞክረው ወይ? ጋሼ ባቡሩ ሲሄድ ቢያይ ደስ ይለዋል። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ስፒና ከሶኬቱ አርቂው። ልሞክረው ብለሽ እንዳትሰኪ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ትራንስፎርመር ነው፣ ያውም የጅማ እርጥበት ውስጥ የከረመ፣ ያውም አይጥ የጎበኘው። 220 ቮልት ላይ ዕድል አይሞከርም። ተራው ሲደርስ እንመጣበታለን።

እኔ እዚሁ ጅማ ሬዲዮና ቲቪ ስጠግን ነው የምውለው፣ ትንንሽ ባቡር ደግሞ ትርፍ ጊዜዬን የሚበላ ሱሴ ነው። ከነገርሽኝ ውስጥ የማይመለስ ነገር አላየሁም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዢልኝ፦ ባቡሩ አልሄድ ሲል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈታው ሞተሩን ነው፣ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ጋ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ተነስቶ ሞተሩ ጋ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሎኮሞቲቩን፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን ባለ ሞተሩን፣ አውጥተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። መጨረሻ ላይ እንፈታዋለን።

ጥቅምት ገብቶልናል፣ ፀሐይም ወጥታለች፣ ጊዜው ጥሩ ነው። ሰሌዳውን መስኮቱ ክፍት የሆነ ክፍል ውስጥ አቁመሽ ነፋስ ይግባው። ደጅ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው፣ የፕላስቲክ ቤቶቹ ይጣመማሉ። የአይጥ ፋንድያ ካለበት ደረቁን አትጥረጊው፣ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል፣ በሽታም ይዞ ይመጣል። ማስክና ጓንት አድርጊ፣ በውሃ የቀጠነ በረኪና ረጭተሽ ትንሽ ካቆየሽው በኋላ በወረቀት ልቀሚው። በረኪናው ብረት ስለሚበላ ሐዲዱን እንዳይነካው። ሁሉን ነገር ከመንቀልሽ በፊት ፎቶ አንሺ፣ በተለይ ከሥር ያለውን ሽቦ። አጎትሽ የት ምን እንዳገናኘ ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም፣ የሚያስታውስ ከሆነም ጠይቂው። ጋሼን ማየት ብቻ ሳይሆን ሥራው ውስጥ ማስገባት ይሻላል ባይ ነኝ።

ያበጠው ጥግ ቺፑድ መሆን አለበት። ቺፑድ አንዴ ውሃ ከጠጣ አይመለስም፣ ብታደርቂውም እንዳበጠ ይቀራል፣ ሐዲዱም እዚያ ጋ ይጎብጣል። ካቻቢቴ ይዘሽ ከሥር ጫን ጫን አድርጊው። ጫፉ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጊና አስቆርጪው፣ በምትኩ ኮምፔንሳቶ አስገቢ፣ ከሥር በቫርኒሽ ወይም በዘይት ቀለም አስቀቢው። ይኼን እኔን አትጠይቂኝ። ጅማ ውስጥ እንጨት ሠሪ ሞልቷል፣ ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፍል ሰው ላንቺ አንድ ጥግ መቀየር አያቅተውም። ምስጥ ካለ ግን ሙሉ ሰሌዳውን ቀይሪው፣ አትዘኚለት።

አሁን ማስመሪያ አምጪ። የሁለቱን ሐዲዶች የውስጥ ለውስጥ ስፋት ለኪ። ከምሥራቅ ጀርመን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወይ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው ወይ 12። 16.5 ከሆነ ኤችኦ የሚባለው ነው፣ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ፣ ምናልባትም ፒኮ የሚባለው የምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካ ሥራ። 12 ከሆነ ቲቲ ነው፣ 120 ጊዜ ያነሰ። 9 ከወጣሽ ኤን ይባላል፣ 160 ጊዜ ያነሰ ነው። ሦስቱም በሁለት ሐዲድ፣ በ12 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ) የሚሄዱ ናቸው፣ የሐዲዱን ሁለት ሽቦ ብታቀያይሪያቸው ባቡሩ ወደኋላ ይሄዳል። ነገሩ ይኼው ነው፣ ውስብስብ ኤሌክትሮኒክስ የለበትም። በሐዲዶቹ መሃል የነጥብ ረድፍ ካየሽና ከሎኮሞቲቩ ሥር ረጅም የብረት ምላስ ካለ ግን ቁሚ። እሱ የምዕራብ ጀርመኖቹ ፋብሪካ የማርክሊን ሥራ ነው፣ በኤሲ (እንደ ግድግዳው መብራት አቅጣጫው በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ነው የሚሠራው፣ ቀጥሎ የምነግርሽ የአዳፕተር ነገር ለሱ አይሆንም።

(በነገራችን ላይ 12 ሚሊ ከወጣሽ አንድ የሚያስቅ አጋጣሚ አለ። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ሐዲዱ ልክ 1 ሜትር ስፋት ነበረው። በኤችኦ ልክ 87 ጊዜ ስታሳንሺው ወደ 11.5 ሚሊ ይመጣል፣ ሠሪዎቹም 12 ሚሊ ሐዲድ ላይ ነው የሚያስኬዱት። የጋሼ ሐዲድ ለፍራንኮ ኢትዮጵያ ባቡር ይሆናል ማለት ነው። ያ መስመር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፣ ወደኛ ወደ ጅማ ግን ሳይዞር ቀረ።)

ወደ ትራንስፎርመሩ እንምጣ። የምሥራቅ ጀርመን መብራት 220 ቮልት ስለነበር ከኛ ጋር ይስማማል፣ በዚያ በኩል ችግር የለም። ሳትሰኪው በፊት ገመዱን እጠፊው። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ገመዱን ሳትቀይሪ ወደፊት የለም። ቀጥሎ ቴስተርሽን ትልቁ ኦም ላይ አድርጊና አንዱን ጫፍ ስፒናው ላይ፣ ሌላውን ወደ ሐዲድ የሚሄደው መውጫ ላይ አድርጊ። ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ 220 ቮልቱ ወደ ሐዲዱ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው፣ ጣይው። ስፒናውና የብረት ሳጥኑ መካከልም እንደዚያው። ነገር ግን ባያነብም እኔ ሙሉ ለሙሉ አላምነውም። የኛ ቴስተር የሚለካው በትንሽ ባትሪ ነው፣ የሰነፈ ኢንሱሌሽን ደግሞ ጉዱ የሚታየው 220 ሲያርፍበት ነው። ሕፃናት የሚነኩት ነገር ስለሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ አሮጌው ትራንስፎርመር ለጌጥ ይቀመጥ።

በምትኩ ምን? የራውተር አዳፕተር። ቤት ውስጥ ተበላሽቶ የተቀመጠ ዋይፋይ አይጠፋም፣ አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ዲሲ የሚል ጽሑፍ ካለ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ጤነኛ ሎኮሞቲቭ የሚጠጣው ከሩብ እስከ ግማሽ አምፔር ነው። ፍጥነቱን ለመቆጣጠር የዲሲ ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚባለውን ትንሽ ካርድ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግዢ፣ ወደፊትና ወደኋላ ለማድረግ ባለ ስድስት እግር ስዊች ጨምሪበት። ስድስት እግሩን ማገናኘት ግራ ካጋባሽ ማንኛውም ጠጋኝ በአምስት ደቂቃ ይሠራልሻል።

አሁን የምነግርሽ ግን ገንዘብ የሚያድን ነው። ከባጃጅ ዕቃ ሻጭ የፍሬቻ አምፖል ግዢ፣ 12 ቮልት 10 ዋት የሚለውን። ወደ ሐዲዱ ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱን ቁረጪና አምፖሉን መሃል ላይ አስገቢ። ባቡሩ ደህና ሲሄድ አምፖሉ ጠፍቶ ወይም ደብዝዞ ይታያል። ሐዲዱ ላይ ሾርት ከተፈጠረ፣ ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ በብረቱ ሁለቱን ከነካ፣ ወይም ልጅ መቀስ ካስቀመጠበት፣ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ የሚያልፈውም ከ0.8 አምፔር ብዙም አይበልጥም። አዳፕተሩም ሞተሩም ይተርፋሉ። አምፖሉን ሰው በሚያየው ቦታ አድርጊው፣ ሳይጠየቅ ጥፋት የሚናገር ዕቃ ከሱ ሌላ የለኝም።

ሐዲዱ። ማግኔት አስጠጊበት። ከሳበ ብረት ነው፣ ካልሳበ ናስ ወይም ኒኬል ሲልቨር ነው። ናሱ ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ያወጣል፣ ያ ቆዳ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ኒኬል ሲልቨሩ ብዙ አያስቸግርም። ብረቱ ነው እዚህ ጅማ የሚያደክመው። ዝገቱ የላይ ከሆነ በጠንካራ ላጲስ ወይም በእንጨት ቁራጭ ፈግፍጊው። የተበሳሳውን ክፍል አውልቀሽ ጣይው። ብርጭቆ ወረቀት አትንኪ፣ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይሰበሰብና በወሩ ተመልሶ ይጠቁራል። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦማ ጭራሽ! ፍርፋሪው ሐዲዱ ላይ ይቀራል፣ የሞተሩ ማግኔት ይስበዋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩን ማዳን ሌላ ሥራ ነው።

ከተፈገፈገ በኋላ በአልኮል ጥረጊው። የፋርማሲው አልኮል ይሆናል፣ ውሃ ስላለበት ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቂው። ከኮሮና የተረፈውን ሳኒታይዘር ግን እንዳትጠቀሚ። እጅ እንዳይደርቅ ብለው ግሊሰሪን ይጨምሩበታል፣ ሐዲዱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል፣ አቧራ ሁሉ እሱ ላይ ይለጠፋል። ቤንዚንና ቲነርም ይቅሩ፣ ከእሳቱ ሌላ ፕላስቲኩን ያቀልጡታል። የብረት ሐዲድ ከሆነ መጨረሻ ላይ ጨርቁን በጣም በትንሽ ነጭ ጋዝ አርሰሽ አንዴ አሳልፊበት፣ ያው ክፍሉን ከፍተሽ፣ ከከሰልና ከሻማ ርቀሽ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሐዲዱ ጸዳ፣ ቴስተር ወጣ፣ ተለካ፣ ዳር እስከ ዳር 12 ቮልት አለ። ባቡሩ ግን ሩቁ ጥግ ሲደርስ ይቆማል። «ሞተሩ ነው» ተባለ። አይደለም! ቴስተር ምንም አይጠጣም፣ ስለዚህ የዛገ መገናኛ ውስጥም 12 ቮልት ያያል። ቧንቧው ተዘግቶ እያለ ግፊት ለክተሽ «ውሃ ሞልቷል» እንደማለት ነው። መለካት ያለበት ሸክም ተደርጎበት ነው። ሌላ የባጃጅ አምፖል፣ 5 ዋት የሆነውን ውሰጂ፣ ሁለት ሽቦ ቀጥዪለት፣ ሁለቱን ጫፍ ሁለቱ ሐዲድ ላይ እያሳረፍሽ ከኃይል መግቢያው ጀምረሽ ዙሪያውን ሂጂበት። ብርሃኑ የሚወርድበት ቦታ ላይ ቁሚ። ሁለት ሐዲድ የሚገናኙበት ትንሿ የብረት ክዳን እዚያ ጋ አለች። በጥፍርሽ ጫን በያት። አምፖሉ ቦግ ካለ፣ ለቀቅ ስታደርጊያት ከደበዘዘ፣ በሽታውን አገኘሽ። ክዳኗን በፒንሳ ቀስ ብለሽ ጠበቅ አድርጊያት፣ ውስጧን ጥረጊ፣ መልሰሽ አስገቢ።

እሱ ግን ለጊዜው ነው። እዚህ እርጥበት ውስጥ ክዳኗ እንደገና ትዝጋለች። ዘላቂው መፍትሔ ከሥር ሁለት ወፍራም ሽቦ፣ የቤት መብራት የሚዘረጋበት 1.5 የሚባለው፣ ሰሌዳውን ዙሮ እንዲሄድ ማድረግና ከሱ በየሜትሩ ቀጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ ማውጣት ነው። አንዱን ቀይ፣ አንዱን ጥቁር አድርጊ፣ ቀለሙን ካቀላቀልሽ አንድ ቀን ሙሉ ሾርት ስትፈልጊ ትውያለሽ። ሐዲዱ ላይ በስታኞ ስትበይጂ የሚበየደውን ቦታ ፋቂ፣ የሐዲዱ የውጪ ጎን ላይ አድርጊ፣ መበየጃውን ቶሎ አንሺ፣ አለዚያ የፕላስቲክ እንጨቶቹ ይቀልጣሉ። አሲድ ያለው ፍለክስ (ስታኞው እንዲይዝ የሚቀባው) እንዳትጠቀሚ። አይጥ የበላውን አሮጌ ሽቦ በናስትሮ እየጠቀለልሽ ለማዳን አትሞክሪ፣ ሁሉንም ንቀዪ። ሽቦ ርካሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የግል አስተያየቴን ልጨምር። አጎትሽ ጣቢያ፣ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ መስመር፣ ዋሻም ሳይሠራ አልቀረም። ሁሉንም በአንዴ አስነሳለሁ ካልሽ መሃል ላይ ይሰለችሻል። ደህና ደህናውን ሐዲድ ሰብስበሽ መጀመሪያ አንድ ዙር ብቻ አስተካክዪ። እሱ ይዙር። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

አሁን ሎኮሞቲቩን አምጪ። ሐዲድ ላይ ሳታስቀምጪው አንድ ባለ 9 ቮልት ካሬ ባትሪ ውሰጂ፣ ሁለት ሽቦ አድርጊበት፣ አንዱን የግራ ጎማዎች አንዱን የቀኝ ጎማዎች ላይ አስነኪ። ከዞረ ጎማውን በአልኮል አጽጂና ወደ ዘይት እለፊ። ካልዞረና ካንጎራጎረ የማርሾቹ ጥርሶች ታስረዋል፣ ወዲያው አንሺው፣ እንደቆመ ካቆየሽው ሽቦው ይሞቃል። ጭራሽ ዝም ካለ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ አልደረሰም።

ቀፎውን ስትከፍቺ ነጭ ጨርቅ ላይ ይሁን፣ ብሎኖቹ የሩዝ ፍሬ አያክሉም፣ ከወደቁ የሉም። የፋብሪካው ግራሶ ቢጫ ሆኖ ጥርሶቹ መሃል ደርቆ ታገኚዋለሽ። በስቴኪኒ ፈልፍለሽ አውጪው፣ የቀረውን አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ። የሞተሩ ጫፍ ላይ የመዳብ ቀለበት አለ፣ በሦስት ወይም በአምስት ቦታ የተከፈለ፣ ሁለት ካርቦኖች የሚነኩት። ያ ቀለበት ጥቁር ከሆነ በአልኮል ጥረጊው፣ በክፍሎቹ መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተት በስቴኪኒው ጫፍ አጽጂው፣ የካርቦን ዱቄት እዚያ ይሞላና ሾርት ያደርጋል። ካርቦኖቹን ከኋላ የሚገፋቸው ስፕሪንግ አለ፣ ሲወጣ ይዘላል፣ በጣትሽ ያዢው። ካርቦኑ አልቆ ከሆነ ከሌላ ትንሽ ሞተር ላይ ያለውን በደቃቅ ሞረድ ሞርደሽ ልክ ማድረግ ይቻላል።

ዘይት፦ የስፌት መኪና ዘይት፣ መርካቶ የትኛውም ልብስ ሰፊ ጋ አለ። በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ፣ ዘንጉ የሚገባባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ። ጥርሶቹ ላይ ትንሽዬ። የመዳብ ቀለበቱ ላይ ምንም! ዘይት ሲበዛ ካርቦኑ ጋ ይደርስና ጭቃ ይሆናል። የምግብ ዘይት የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ፣ በወሩ ሙጫ ሆኖ ነው የሚቆየው። ባቡሩ እየሄደ በእኩል ልዩነት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ አንዱ የፕላስቲክ ጥርስ ተሰንጥቋል፣ እሱ ይቀየራል እንጂ አይጣበቅም። የፒኮ መለዋወጫ ጅማ አይገኝም፣ ጀርመን ያለ ዘመድ ካላችሁ የሎኮሞቲቩን ሆድ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት።

መስመር የሚቀይሩት መገንጠያዎች ላይ አንድ ብቻ ልበል። ውስጣቸው የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፣ የተሠራውም ለአፍታ ብቻ ነው። ቁልፉን ተጭነሽ ከቆየሽ ይጨሳል። ለዚህ ጥሩ ዘዴ፣ የድሮ ላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት፣ ከሱ ተከትሎ 100 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር፣ ከዚያ 4700 ማይክሮፋራድ 35 ቮልት ካፓሲተር። ካፓሲተሩ ሲነካ በአንዴ ይተፋል፣ መገንጠያው ቀጭ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉን ረስተሽ ብትይዢው እንኳ ሬዚስተሩ የሚያሳልፈው ትንሽ ስለሆነ ጥቅሉ አይቃጠልም። የካፓሲተሩን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንዳታቀያይሪው፣ ይፈነዳል።

ቤቶቹንና ዛፎቹን መጨረሻ ላይ። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን አውርጂ፣ ሻጋታውን በአልኮል። ለሐዲዱ ጠጠር የወንዝ አሸዋ ነፍተሽ መጠቀም ትችያለሽ፣ ግን ከመበተንሽ በፊት ማግኔት አሳልፊበት፣ የብረት ብናኝ ካለበት ሞተሩ ይሰበስበዋል። ለመሬት ደግሞ የቡና አተላ የመሰለ የለም፣ ቀለሙ ልክ የኛ አፈር ነው፣ ጅማ ደግሞ ቡና አይጎድልም። ምጣድ ላይ በደንብ ካላደረቅሽው ግን በሳምንቱ ይሻግታል። በውሃ የቀጠነ ኮላ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሪ፣ አለዚያ አይሰርግም።

ሲያልቅ ሰሌዳውን በፕላስቲክ አትሸፍኚ፣ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀራል፣ የጥጥ አንሶላ ይበቃል። ሎኮሞቲቩን በካርቶን፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አብረሽ። በሳምንት አንዴ ይዙር፣ ሐዲዱ ላይ ጎማ ሲሄድበት ነው ንጹህ ሆኖ የሚቆየው። የማዞሩን ሥራ ለጋሼ ስጪው።

እስከዚያው የሐዲዱን ስፋት ለክተሽ፣ ማግኔት ይሳበው አይሳበው፣ የትራንስፎርመሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውንም ፎቶ አድርገሽ ላኪልኝ።